በጋቢ የተጠቀለለው ብረት

ቁስቋም፣ ረቡዕ ጧት

ሥራዬ ጣሪያ ላይ በተተከለ ካሜራ ሳተላይትና የሮኬት ስብርባሪ መከታተል ነው። ሰማይ ላይ ያለ ብረት አያስቸግረኝም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ግን ገና አላየሁም ነበር። ማክሰኞ ማታ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ካለች መንደር ሙሉቀን የሚባል የግብርና ባለሙያ ፎቶ ላከልኝ። የእንስራ ሆድ የሚያክል ድቡልቡል ብረት በጋቢ ተጠቅልሎ መደብ ላይ ተኝቷል። ከሥሩ «ቶሎ ድረስ፤ ሐሙስ ሊቀብሩት ነው» ብሏል። ጓንትና ጆንያ በቦርሳዬ ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ሦስት ሰዓት

ጭጋጉ ከመንገዱ ላይ አልተነሣም። ሻይ በዳቦ ቀምሼ ከሙሉቀን ጋር በእግር ወጣን፤ ነገሩን ያጫወተኝ ዳገቱ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጎህ ሳይቀድ ሰማዩ በእሳት ተሰነጠቀ፤ ብረቱም እማማ ውድነሽ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ልጃቸው ሞገስ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። መርዶ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በር እየተንኳኳ ነው የሚነገረው። እማማ ውድነሽም መርዶዬ መጣ ብለው ጥቁር ለበሱ፤ ብረቱንም በልጃቸው ሬሳ ፈንታ ሊቀብሩት ለነገ ቀን ቆረጡ።

«እናንተ ምን አላችሁ?» አልኩት።

«ለቅሶ ቤት ማን ይከራከራል?» አለኝ።

መንደሩ፣ ስድስት ሰዓት

ደጁ ላይ ሰው ተቀምጧል። ንፍሮ ዘገኑልኝ። ውሻው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ወደ ቤቱ ያያል፤ አይገባም። እማማ ውድነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመደቡ ሥር ተቀምጠዋል። ብረቱ የለበሰው ጋቢ የሞገስ ነው።

ጎረቤታቸው አያ ፈንታ «እስቲ ሸጋ አርገህ እየው» አሉኝ።

ጆሮዬን ወደ ብረቱ አስጠጋሁ። ከውስጡ ቀጭን፣ የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማል።

«ይተነፍሳል» አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ።

ብረት ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚንቋቋ አስረዳሁ። ቀና ስል ግን ቤቱ ውስጥ ፀሐይ አልነበረም። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ጓንቴን አጥልቄ ጋቢውን ገለጥ ሳደርገው የብረቱ አንገት ላይ ቁጥር አለ። ስልኬ ላይ ካለው የስብርባሪ ዝርዝራችን ጋር አመሳከርኩት። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ባለፈው ወር በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው፦ «ተቃጥሎ አልቋል»።

«እማማ፣ ይህ የሮኬት ጋዝ መያዣ ነው። ሰው የሠራው ነው። የሞገስን ነገር አያውቅም።»

«ታዲያ ምነው በኔ ደጅ ወደቀ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። «በኛ ሥራ ያልታየ ነገር ‹ጠፍቷል› ይባላል እንጂ ‹አልቋል› አይባልም። እኔ ይህን ብረት ሳላየው አልቋል ብዬ ጻፍኩ። ይኸው እርስዎ ቤት ተኝቶ አገኘሁት።»

እማማ ውድነሽ ጋቢውን ከብረቱ ላይ ገፈው አሸተቱት፤ አጠፉት። ነጠላቸውንም አቃኑ።

«ለቅሶውስ?» አሉ አያ ፈንታ።

«ግቡ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ብረቱን በጆንያ ስናወጣው እማማ ውድነሽ በሩ ላይ እጅጌዬን ያዙኝ። «መርዶ አንዴ ነው፤ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን ጧት ጧት ጆሮዬ በር ላይ ሊውል ነው።»

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ቁልቁለቱን አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ።

ቁስቋም፣ ሐሙስ ጧት

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ከጆንያው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ዝርዝሩን አረምኩ። ሳላይ አልቋል ያልኳቸውን ሁሉ ወደ «ጠፍቷል» መለስኩ፤ ከሁሉም በታች፣ ከቁጥሮቹ ሥር፣ «ሞገስ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረቦቼ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም።

ይህን እየጻፍኩ በሬ ተንኳኳ። ወተት የምታመጣልን ሴት ናት፤ ሁልጊዜ የምትመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ይህን እያወቅሁ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ።