እግሯ መሬት ሳይነካ

ባለፈው ጥር ጎንደር፣ ግንቡ በር ላይ ቆሜ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ አየሁ። ሙሽራዋ ከመኪናው በራሷ እግር ወረደች። ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ድንጋዩን በታኮ ጫማዋ ቋ ቋ እያደረገች አለፈች። ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር አድርገው ከኋላዋ ስልካቸውን ይነካካሉ። አልተቆጣሁም፤ ሳቄ ነው የመጣው። በእኛ ጊዜ ሚዜ ማለት ጀርባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች ባሏ ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይነካም። በበቅሎ ትሄዳለች፤ በቅሎ የማያልፍበት ቦታ አንደኛው ሚዜ ያዝላታል። ከነካ ትዳሩ አይጸናም ይባላል። ዛሬ ብትጠይቁኝ ሌላ ነው፤ ያኔ ግን አምን ነበር።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ በጥር፣ ጓደኛዬ ሞላ ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ደብሬ የምትባል ልጅ አገባ። በጦርነቱ ምክንያት ሁለቱም ዘግይተው ነው የተዳሩት። እኔም ከውትድርና ተመልሼ ገና ጎጆ አልወጣሁም ነበርና አንደኛ ሚዜ ሆንኩ። በበቅሎው መንገድ መዞር ውጭ ያሳድራል፤ ሙሽራ ደግሞ መንገድ ላይ አታድርም። ሽማግሌዎቹ «በመሰላሉ ይሁን» አሉ፤ በገደሉ የሚያልፈው አቋራጭ በእንጨት መሰላል ነው የሚወረደው።

ማለዳ ከገብስ ጠላው ተነስተን ወጣን። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የጅባራው ተክል በጭጋጉ ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል፤ ጭላዳዎቹ ፀሐይ እስኪወጣላቸው ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። አፋፉ ላይ በቅሎዋን መልሰን ደብሬን አዘልኳት። በርኖስ ተከናንባለች፤ ፊቷን አላየሁም። የጸጉሯ ቅቤና ያደረገችው አሪቲ ግን አንገቴ ስር ይሸታል። ያን መንገድ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በአፍንጫዬ ነው።

ገደሉ ወደ ውስጥ ሲገባ እየጠበበ ይሄዳል። አንዱን ፏፏቴ አለፍን ስንል ሌላው ይጮኻል። የመጀመሪያው መሰላል ደረቅ ነበር፤ እያቃሰትኩ ወረድኩ። ሁለተኛው ግን ፏፏቴው ጎን ነው የቆመው። ሁለት ረጃጅም የጽድ ግንድ፣ መርገጫው በላም ቆዳ ጠፍር የታሰረ። ጠፍር ሲደርቅ ብረት ነው፤ ሲርስ ይለጠጣል። ነፋሱ ውሃውን እንደ ጭስ እየበተነ እላዩ ላይ ያፈሰዋል። ሞላና አጃቢው ቀድመው ወርደው ከዐለቱ ወዲያ ታጥፈዋል፤ ዘፈናቸው ብቻ ይሰማል።

«አያ ሚዜ» አለችኝ ከጆሮዬ ስር። ድምጿን ስሰማ ገና መጀመሪያዬ ነው።

«ምነው?»

«ያውርዱኝ። ጠፍሩ ርሷል፤ ሁለት ሰው አይችልም። እኔ ከልጅነቴ የወጣሁ የወረድኩበት ነው።»

«ዝም በይ። ሙሽራ አይደለሽም እንዴ?»

«ሙሽራስ ነኝ። ሬሳ ሆኜ ብገባ ለሞላ ምን ይረባዋል?»

«አርፈሽ ታዘይ ብያለሁ!»

«ኧረ ጨው ቢጭኑ ኖሮ እንኳ አውርደው ያስቡ ነበር» አለች።

እኔ እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም እንደዚያው ነበር የምትለኝ። ፊቴን ወደ ዐለቱ አዙሬ መውረድ ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ መርገጫው ከጠፍሩ ሾልኮ አዘነበለ። አንድ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ክብደቷ ወደ ኋላ ይስበኛል፤ ታችን ማየት አልቻልኩም። ጦር ሜዳ ላይ እንደዚያ አልፈራሁም።

እሷ በርኖሷን ወደ ታች ወረወረችው። ከዚያ ግንዶቹን በሁለት እጇ ይዛ ከጀርባዬ ተንሸራታ ከእኔ በታች ቆመች። ቁርጭምጭሚቴን ያዘች።

«ዳር ዳሩን! መሐሉን አትርገጥ! ልቀቅልኝ እግርህን፣ አታድርቀው!»

እግሬን እንደ ሕፃን እግር ከአንዱ መርገጫ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እያስቀመጠች አወረደችኝ። ታች ስደርስ ባዶ እግሯን ውሃው ውስጥ ቆማለች፤ ቅቤው ግንባሯ ላይ ወርዷል፤ ትስቃለች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ምን ልበላችሁ፣ ሸጋ ነበረች ብዬ ልለፈው።

«አዩን?» አለችኝ።

«አላዩም።»

ኪሴ ውስጥ በማር የታሸ በሶ ነበረኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ተካፍለን በላን። ፏፏቴው አያስወራም። ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ገባች፤ ውሃው አበራ። እዚያው ድንጋይ ሆኜ ብቀር ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ። ዘፈኑ ግን እየራቀ ሄደ። እሷ ተነሳች፤ ጭቃው እንዳያሳብቅ እግሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ በርኖሷን ጨምቃ ተከናነበች።

«በሉ አያ ሚዜ፣ ጎንበስ ይበሉ።»

ማዶውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አልከበደችኝም። እንዲያውም የሞላ ጎጆ ብቅ ሲል ምነው መንገዱ በረዘመ አልኩ። እልልታው ቀለጠ። የሞላ እናት የደብሬን እግር አገላብጠው አዩና ጠየቁኝ፤ «አልነካም» አልኩ። ያን ማታ በአገሩ ደንብ ለሙሽራዋ ወንድም ሊሆናት ሚዜ ይምላል፤ እኔም በሰው ፊት ማልኩ። ከዚያ ወዲያ የእናቷ ልጅ ነኝ። ልጆቿ አጎቴ ይሉኛል።

ትዳራቸው ያማረ ነበር። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። ሞላም አረፈ። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ «እግሯ መሬት ሳይነካ የገባች ሙሽራ ትዳሯ እንዲህ ነው!» ሲሉ፣ ደብሬ በነጠላዋ ስር ቀና ብላ አየችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ ጥርሷን ግን አየሁት።

የከተማ ሰው ይመክረኛል። «እሷም ብቻዋን፣ አንተም ብቻህን፤ ምነው ተጠጋግታችሁ ብትኖሩ?» ይለኛል። መሐላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ወንድም እህቱን አያገባም፤ አለቀ። ናፍቆትን ግን ማንም አላስማለኝም።

መንገዱ ሲደርቅ ልጠይቃት እሄዳለሁ። እንግዳ ሲገባ እግር ይታጠባል፤ ልጆቿ እናጥባቸው ቢሏት እንቢ ትላለች። ሳፋውን ራሷ ታመጣለች፤ ጎንበስ ብላ ታጥበኛለች። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ እሷ ግን ቁርጭምጭሚቴን ቶሎ አትለቅም።