ማዳሜ ያልተናገረችበት ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ ቤይሩት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ በፈረንጆቹ 2010 ነው። ዛሬ ሳወራው ሰው ያስቃል። ያን ቀን ግን ለእኔ ሳቅ አልነበረም። አሁንም ቢሆን ሰው ዝም ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሻንጣዬ ነው።

የገባሁት ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር፣ ብቻዋን የምትኖር ማዳም ቤት ነው። ማዳም ኖሃ ትባላለች፤ ወደ ሃምሳው የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ሻካራ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሥራዋን አላውቅም። ሳሎን ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ፒያኖ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማይክ ይዛ የተነሳችው ፎቶ አለ። እኔ በሰው ሠርግ ላይ ንግግር ስታደርግ ነው ብዬ አቧራውን እጠርግ ነበር።

ክፉ አልነበረችም። ድስቱንም መጥረጊያውንም እያነሳች በአረብኛ ስሙን ታስተምረኛለች። «ቦንሷር ከድጃ» ሳትለኝ ተኝታ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰላም ብላት ዝም አለችኝ። ቁርስ ሳቀርብላት በእጇ ገፋችው።

«ማዳም፣ ሹ ፊ?» ብዬ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት። ጉሮሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ ራሷን ነቀነቀችና ክፍሏ ገብታ ዘጋችው። እኔ «አንገሽግሸሽኛል» ያለችኝ መሰለኝ።

ኩርፊያ ደግሞ አገሬም አውቀዋለሁ። የተኮረፈበት ሰው ጥፋቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። እኔም ፈለግሁ። ትናንት ወለሉን ስወለውል መንዙማ ሳንጎራጉር በሩ ላይ ቆማ አይታኛለች። ከዚህ ሌላ ምንም አላገኘሁም።

ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ሰዓዳን አየኋት። ሰዓዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ከፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ ላይ ትሠራለች። ከእኔ በፊት የመጣች ስለሆነች ቃሏን እንደ ፈትዋ ነበር የምሰማው።

«ጨርሶ አታናግርሽም?» አለችኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ኸላስ፣ አለቀልሽ! ሊመልሱሽ ሲሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከኛ በታች ያለችውን ልጅ ዝም ዝም ብለዋት፣ ያኒ አንድ ቀን መክተብ ወሰዷት። ከዚያ በቀጥታ መጣር።»

መክተብ የምትለው ያመጣንን ኤጀንሲ ነው፤ መጣር ኤርፖርቱን።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አብሽሪ። ግን ልብስሽን ሰብስቢ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ደሴ ላይ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ፣ ዱዓ አስደርጋ ነው የሸኘችኝ። ወር ሳልሞላ ብመለስ «ምን ሰርቃ ነው?» ይላሉ። እናቴ ያንን ስትሰማ ታየኝ። ፓስፖርቴ ደግሞ ማዳም ክፍል፣ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ማዳም ክፍሌ ገባች። ከቁም ሳጥኑ ላይ ባዶውን ሻንጣዬን አውርዳ እየጎተተች ወሰደችው። ቆይታ ስትመለስ ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ ሻንጣው ሞልቷል። ልበሺና ተከተይኝ የሚል ምልክት አሳየችኝ። ወይ ጉድ፣ ልትመልሰኝ አንሶ ሻንጣዬንም ልትወርሰው ነው አልኩ። ልብሴን፣ መስገጃዬንና የእናቴን ፎቶ በፌስታል ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩ።

ታክሲው ደጃፍ ላይ ይጠብቀን ነበር። ሾፌሩ እንኳ ወዴት ብሎ አልጠየቀም። መንገድ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ሰሌዳ አየሁ፤ ይሄ ማንበብ አይፈልግም። ኦዛይ የሚባል ሰፈር ስንደርስ አንድ አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ አለፈ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ።

«ማዳም፣ አላህ ይኸሊኪ» ብዬ ለመንኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ።

መኪናው የኤርፖርቱን መታጠፊያ ሲያልፈው እፎይ አላልኩም። ኤርፖርት ካልሆነ ታዲያ ወዴት ነው የምትወስደኝ?

የቆምነው ባሕሩ ዳር ካለ አዳራሽ ደጃፍ ነው። ውስጡ ወንበር፣ ከበሮ፣ ፒያኖ፣ መብራት። ከመድረኩ ጀርባ ባለ ክፍል ሻንጣዬን ከፈተችው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀሚስ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ። ቀሚሱን ከኋላ እንድቆልፍላት ዞረችልኝ። አሁንም አልገባኝም።

አዳራሹ ሲሞላ መጋረጃው ጋ ቆመን እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። ከዚያ ለቀቀችኝና ወጣች።

ቀኑን ሙሉ የጠበቅሁት ድምፅ በማይክ መጣ። ሻካራ፣ ቀስ ያለ፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ዘፈን ነው። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ፌስታሌን አቅፌ አለቀስኩ። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

ወደ ኋላ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ከድጃ፣ አከልቲ?» የሚል ነው። በላሽ ወይ ማለቷ ነው። አልበላሁም። እሷም እንደዚያው።

ከዚያ ፌስታሉን አየችው። «ሹ ሃይዳ?» ምንድን ነው ይሄ ብላ ከፈተችው። መስገጃውን፣ ከዚያ ፎቶውን አወጣች። ወዴት ልትሄጂ ነው ስትለኝ «መጣር» አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ቋንቋው ሲገባኝ ነው ሁሉን የተረዳሁት። በአረብ አገር ሆቴሎች ጃዝና ሶል ስትዘፍን ነው የኖረችው። ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ያ ቀን የመጀመሪያ መድረኳ ነበር፤ ሐኪሙ ከመዝፈንሽ በፊት ትንፍሽ እንዳትዪ ብሏታል። ድምፄ አልወጣ ቢለኝስ ብላ ስትፈራ ነው የዋለችው። እኔም ዝምታዋን።

በማግስቱም አልተናገረችም። ጉሮሮዋን ነክታ ፈገግ አለችልኝ፤ ቁርሷን በላች። ሻንጣዬን እየገፋች ክፍሌ አምጥታ ወጣች። ስከፍተው ውስጡ ፓስፖርቴ አለ።

አሁን እዚያው ቤይሩት፣ ናባዓ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሰዓዳ ስትመጣ «ፈትዋሽን ይዘሽ መጣሽ?» እላታለሁ፤ እንስቃለን። ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ማዳሜ አንድ ቀን ቀድማ ልትነግረኝ ትችል አልነበር ወይ እያልኩ እቀየማታለሁ። ደግሞ ሻንጣዬን የመለሰችልኝን ያን ጠዋት ሳስብ ቅያሜዬ ይጠፋል። ፓስፖርቴ በእጄ፣ በሩ ክፍት ነበር። መስገጃዬን ከፌስታሉ አወጣሁና ባዶ ሻንጣዬን ቁም ሳጥኑ ላይ በገዛ እጄ መለስኩት።