በሦስት ሰከንድ የሞቱት አባት

አራሚዋ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስህተት ስትለቅም ኖራ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ የኮምፒውተር ስህተት ለቃሚ ሆነች። ኮምፒውተሩ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም፤ ሌት ተቀን ኢንተርኔት ያነባል፣ ያነበበውንም በእውቀትነት ይዞ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ይመልሳል። ጠዋት ጠዋት «ይህን ተምሬአለሁ» ብሎ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር ይደረድርላታል። የእሷ ሥራ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚለውን መጫን ነው። መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዱን ምንጩ ድረስ ሄዳ ታጣራ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ዓይኗም ወገቧም አልቻለም፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ጣቷ ብቻውን ይጨርሰው ጀመር። ማን ይፈርድባታል? ስድስት መቶ እኮ ነው፣ በየቀኑ!

አባቷ አብረዋት ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደስታቸው ስልክ ነው። የድሮ አድማጮች እየደወሉ ያጫውቷቸው ነበር። ከወር ወዲህ ግን ስልኩ ጭጭ አለ። «ረሱኝ መሰለኝ» ይላሉ፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው።

አንድ ቅዳሜ የሬዲዮ ጣቢያው የድሮ ቴክኒሺያን ወደ እሷ ስልክ ደወለ።

«እንዴት አትነግሪኝም? ጋሼን ሳልቀብራቸው!» አለና አለቀሰ።

ክው አለች። ማን እንደነገረው ስትጠይቀው፣ «ኮምፒውተሩን ጠይቄው ነዋ» አላት።

ሰኞ ቢሮ ገብታ የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፈተች። አንድ ድረ ገጽ የሌላ ዜና አንባቢን ሞት ሲዘግብ የአባቷን ስም በባልደረባነት ጠቅሷል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ሰዎች አምታቶ አባቷን «ሞተዋል» ብሏል። ከሥሩ «እውነት» ይላል። ያጸደቀው የእሷ መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ የፈጀው ጊዜ ሦስት ሰከንድ። የገዛ አባቷን ስም አላየችውም።

«በሕይወት መኖራቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አምጪና ይሰረዛል» አላት አለቃዋ።

«ቤቴ ተቀምጠዋል እኮ!»

«ይሆናል። ያንቺ ቃል ግን ምንጭ አይሆንም።»

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከየት ይመጣል? ሰው ሲሞት እንጂ አለመሞቱን ማን ይጽፋል?

ቤት ገብታ አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑንም አልደበቀችም። እሳቸው ሳቁ።

«በእኛ ጊዜ ለዚህ ማስተባበያ የሚባል ነገር ነበር። በይ ድምፄን ቅጂ!»

ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ በዜና ድምፃቸው የዕለቱን ቀን ጠሩና አለመሞታቸውን አስታወቁ። ለስህተቱ ዝግጅት ክፍሉ ይቅርታ ይጠይቃል አሉ። የእሷን ስም አላነሱም። ነገ ወደ ጽሑፍ ገልብጣ ድረ ገጽ ላይ ታወጣዋለች፤ አለቃዋ የጠየቃት ምንጭ እሱ ይሆናል፤ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።

«የኔ ልጅ» አሉ አባቷ፣ «የኔውስ አንቺ እዚያ ስላለሽ ተገኘ። በሦስት በሦስት ሰከንድ ያሳለፍሻቸው ሌሎቹስ ስንት ይሆናሉ?»

በልቧ ማስላት ጀመረችና ቶሎ ተወችው።