እጥፋት የዋጠው ፊት

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ከሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዋ ወደ በልትስቪል፣ ወደ እኔ ቤት አዛወርኳት። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ካላት ቆይቷል፤ እሺ ያለችው ግን ገና አሁን ነው። እሷ ሳሎን ተቀምጣ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ ስትጠቀልል እኔ መኝታ ቤቱን ያዝኩ። ከአልጋው ራስጌ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር፣ በሻሽ የተጠቀለለ ሰፋ ያለና ስስ ነገር አገኘሁ። ሳልፈታው አወቅኩት። የሕፃናት የስዕል መጽሐፍ ነው። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው ካየሁት፤ ጥላዋለች ብዬ ነበር የማስበው። ፍራሹ በተነሣለት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሳልገልጠው ያዝኩት።

ያኔ ስልኩ ሁሉ ታጣፊ ነበር። ቀን ቀን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የስዕል ፍሬም በሚሠራ ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ምኞቴ ለመጽሐፍ ስዕል መሥራት ነበር። ከደንበኞቻችን አንዷ ሚስስ ማርጋሬት የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው፤ አሜሪካዊ አግብተው መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለልጆች መጽሐፍ ሲስሉ የኖሩ። ወሬ ሲጀምሩ ሥራ ያስፈታሉ። በልጅነታቸው እንግሊዝ አገር የመጽሐፍ ሰዓሊ ማለት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ የቁርሱ ሳህን ሳይነሣ ቀለም የሚበጠብጥ ሰው ነበር አሉ። አሜሪካ ሲመጡ ደግሞ ሰዓሊዎቹ ጎረቤቶቻቸውን ልብስ እያለበሱ ሲስሉ አገኟቸው። በአሜሪካ ተረት መጻሕፍት ያሉት ነገሥታት አብዛኞቹ የሰፈር ፖስተኞች ናቸው እያሉ ያስቁኝ ነበር።

ሥራቸውን በተመለከተ ግን ቀልድ አያውቁም። ፊት የሚስሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ያለ ንድፍ፣ በቀጥታ በብሩሽ። ሁለት ጊዜ የተሳለ ፊት ይሞታል ይላሉ። ሌላው ሕጋቸው ስለ እጥፋቱ ነው። መጽሐፍ የሚሰፋበት መሃል ላይ የሚወዱት ነገር አይቀመጥም፤ ዛፍ ይሁን፣ ሰማይ ይሁን፤ ፊት ከሆነ እጥፋቱ ይውጠዋል። ይህን ደብተሬ ላይ ሁሉ ጽፌው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ኢዮብ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ለግብዣ ጠረጴዛ እየዘረጋ ያነሣ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እኔን ይወስደኛል። አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ሱቁ በር ላይ ቆመና፣ ያባራ እንደሆነ ለማየት ቀና አለ። ሚስስ ማርጋሬት በመስኮቱ አይተውት ንግግራቸውን አቋረጡ። ጎርፍ ሳይደርስ እንስሳትን ወንዝ የሚያሻግር የጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ይዘው ለወራት ፊት ሲፈልጉ ነበርና፣ ያገኙት መሰላቸው። አገኙትም።

ችግሩ ኢዮብ ፎቶ አይወድም። ካሜራ ሲያይ መዳፉን ፊቱ ላይ ይዘረጋል። በቤታችን አልበም ኢዮብ ማለት መዳፍ ነው። እናቴ ስትቆጣው፣ ቆንጆ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም ይላታል። ይኼ ካሜራ አይደለም፣ ብሩሽ ነው ብዬ ስንት ለምኜው እሺ አለ።

መኸሩን በሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀለበት መንገዱ በቤልትዌይ ዞረን፣ ያን ጊዜ ግንባታው ያላለቀውን ድልድይ ተሻግረን ወደ ሚስስ ማርጋሬት ቤት እንሄዳለን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቅጠሉ በርበሬ መስሏል። እሱ መጥረጊያ እንደ መቅዘፊያ ይዞ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ጥግ ይዤ የሚስስ ማርጋሬትን እጅ አያለሁ። በእረፍት ኪያር የገባበት ስስ ዳቦ በሻይ ያቀርቡልናል። ኢዮብ አመስግኖ ይበላና መኪና ውስጥ ሲገባ ማማረሩን ይጀምራል።

«ሆቴሉ ሃምሳ ጠረጴዛ ሙቭ ባደርግ ይሻለኛል» አለኝ አንድ ሰኞ። «ይሄ ቁጭ ብሎ መታየት ነው የሚያደክመው። ሴትዮዋ ደግሞ ውስጤን ሁሉ ነው የምታየኝ።»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«እማዬ ትየዋ። አንድ እንኳን ደህና ምስሌ ይኑራት።»

ከዚያ ፎልስ ቸርች አካባቢ ጎራ ብለን ጥብስ እንበላለን፤ ኪያሩን ለማስረሳት ነው ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ መኸር የሣቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ስዕሉ ሲያልቅ ሁለታችንም ፊቱ ቆምን። አንድ ገጽ የሚሞላ ነው። ጀልባው ላይ ቀና ብሎ የመጀመሪያውን ጠብታ የሚያይ ኢዮብ፤ ሊስቅ ምንም ያልቀረው።

በዚያው ክረምት፣ ለጠዋት ሺፍት ሲሄድ፣ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ መዳፍ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አሳድገን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አቆምን። የደነገጠ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው ነው። እናቴ አየችውና ይህን ሰው አላውቀውም ብላ ፊቷን አዞረች። ማታ ስለ ስዕሉ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶዋ ሁሉ ወደ መጠበቅ ተለወጠ። ስልክ ደውላ ሰላም ሳትለኝ፣ መጽሐፉ ደረሰ ወይ ትላለች። ስዕሉን ራሱን ልናገኝላት ብንልም፣ ከአሳታሚው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀረ። የተረፈው የሚታተመው ብቻ ነበር። ሩቅ አገር ታትሞ በመርከብ ነው የሚመጣው ስላት፣ በመርከብም ቢሆን ይምጣ ትለኛለች።

በሁለተኛው መኸር ሚስስ ማርጋሬት ራሳቸው ይዘውት ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው እንደነበር አሁን ይገባኛል። እናቴ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ መጽሐፉን ተቀበለቻቸው።

ስዕሉ ሁለት ገጽ ሆኗል። ወንዙ ሰፍቷል፣ ዝናቡ በዝቷል፣ መቅዘፊያውን የያዙት እጆች ጎልተው ይታያሉ። ፊቱ መሃል ላይ ነው። በግራ ገጽ ጉንጩ አለ፤ በቀኝ ጆሮው፤ ዓይኑና ሣቁ እጥፋቱ ውስጥ ገብተዋል። እናቴ በመዳፏ ተጫነችው። ገጾቹ ተነሥተው ተዘጉ። ደግማ ተጫነች።

ሚስስ ማርጋሬት እያለቀሱ የሚሉትን እኔ አስተረጎምኩ። አሳታሚዎቹ የነገሯቸው ከታተመ በኋላ ነው። ስዕሉን ከሁሉ አብልጠው ስለወደዱት፣ አንድ ገጽ አነሰው ብለው አሰፉት።

«ስለወደዱት ነው?» አለች እናቴ።

«አዎ እማዬ።»

«እዚህም ቀበሩት በያት።»

ይህን አልተረጎምኩም። ደግመው እንዲስሉት ልለምናቸው ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ቀድመውኝ፣ አሁን ብስል ኀዘኔን እንጂ እሱን አልስልም አሉ። እናቴ መጽሐፉን ዘጋችና ተነሣች። ጌታ ይባርክዎት በያት ብላኝ ምሳ ልታቀርብ ገባች። እንግዳ እንግዳ ነው። ከዚያን ቀን በኋላ መጽሐፉን በስም አልጠራችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። መሳሉንም ያን ዓመት ተውኩት። ብሩሽ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ወደ አንድ ፊት ብቻ ይሄድብኝ ነበር፤ እሱንም አልችለውም።

እንግዲህ ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሻሹን ፈታሁ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ራሱ ተከፈተ። ሌሎቹ ገጾች እንደ አዲስ ናቸው። እዚያ ቦታ ግን ጀርባው ተሰብሮ፣ ስፌቱ ላልቶ፣ ሁለቱ ገጾች ዝርግት ብለው ተኙ። ከእጥፋቱ ውስጥ ኢዮብ ወጣ። ቀለሙ ከመነካት ብዛት ተልጦ ግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ ዓይኑ ግን ዓይኑ ነው፣ ሣቁም ሊመጣ ነው። ስንት ሌሊት ብቻዋን ተጭናው ይሆን? እኔ ረስታዋለች ብዬ፣ ላለማስታወስ ስጠነቀቅላት ኖሬአለሁ።

«አገኘሽው?» አለችኝ ከሳሎን። ዝምታዬ ነግሯት ይሆናል።

«አዎ እማዬ።»

«አትዝጊው።»

ሚስስ ማርጋሬት ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጥፋታቸው ላልሆነው ነገር ይቅርታ እንደጠየቁ ነው የሄዱት። እጥፋቱ የዋጠውን ፊት አንዲት እናት በመዳፏ አቃንታ እንዳወጣችው ባልነግራቸው ይቆጨኛል። እኔ መጽሐፍ የሚሠሩት ሰዓሊዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

መኪና ውስጥ መጽሐፉን እንደተከፈተ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። በልትስቪል እስክንደርስ መዳፏን ከእጥፋቱ አላነሣችም። እኔም በቀስታ ነዳሁ።