የሽማግሌው ሰላምታ

ጀርመን አገር፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር በሚኖሩ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ቤት ፍሌገ፣ ማለትም የአረጋዊ እንክብካቤ፣ እሠራለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቦርኒዮ ጫካ፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ ጭልፊት ሲያጠኑ ነው። ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ በተወው ጉድጓድ የምትኖር ወፍ ናት። አሁን ግን እግራቸውም አንደበታቸውም ከከዳቸው ዓመት ሆነ።

በገባሁ ቁጥር ዓይናቸውን ተክለውብኝ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ሰላምታ መስሎኝ እኔም ባገሬ ደንብ እጅ እነሳለሁ። አንዳንዴ ደቂቃዎች ሙሉ እንዲሁ ስንነቃነቅ እንቆያለን።

ትናንት ልጃቸው መጥታ አየችንና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሰላምታ አይደለም» አለችኝ። «ጭልፊቷ የምታድነውን ስታይ እንዲህ ናት፤ ርቀት ትለካለች።»

«ለክታ ስትጨርስስ?»

«ጸጥ ትላለች። ከዚያ ትወረወራለች።»

ዞር ስል ሽማግሌው መነቅነቅ አቁመዋል። ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልወረዱት ሰው በሁለት እግራቸው ቆመው ነበር።