ለምድጃው የብቻው መስመር

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ጨንቻ ተራራ ላይ ተቆልሎ ነበር፤ ወደ እኛ ግን አልወረደም። አርባ ምንጭ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ታቃጥላለች፤ ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስም የሚያበርድ አልነበረም። ወንድሜ እንድሪያስ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባሠራው ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ውስጥ ቆሜ፣ ደብተር ላይ የሣልኩትን የመብራት መስመር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለካሱ አሳየው ነበር።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናታችን ስትሞት እንድሪያስ አራት ዓመቱ ነበር። ከጨንቻ ይዤው ወረድኩና በሰው ወጥ ቤት እየሠራሁ አስተማርኩት። ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ሴቻ ሰፈር ቤት ሠራ። መሠረቱ የተጣለ ዕለት፣ «እቴቴ፣ ከኋላ ያለው ሰርቪስ ያንቺ ነው። ከእንግዲህ በሰው ወጥ ቤት አትቆሚም» አለኝ። እኔም ዳቦ እየጋገርኩ፣ ዓሣ እየጠበስኩ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልሸጥ አሰብኩ። ለእርጅናዬ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ከቃጠሎ የተማርኩትን ነው። በሠራሁበት ምግብ ቤት ማቀዝቀዣውንም፣ ምድጃውንም፣ የውኃ ማፍያውንም በአንድ ማከፋፈያ ሰክተው፣ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን ሰጠሁት። ለዳቦ ምድጃው የብቻው መስመርና የብቻው ብሬከር፤ ለዓሣው ማቀዝቀዣ ሌላ፤ መብራቶቹ ሁሉ በአንድ። ማጠቢያው አጠገብ ሶኬት አይኖርም።

«እትዬ አበራሽ፣ አንቺ ብትማሪ ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ» አለ ካሱ።

«አሁንስ ምን ሠራህ? ከጠዋት ጀምረህ ግድግዳ ታያለህ።»

«ሽቦ አጥቼ ነዋ!»

ካሱ እንድሪያስ የገዛውን ዕቃ ከማዳበሪያው ዘረገፈው። የመብራት ሽቦ አለ፣ የሶኬት ሽቦ አለ፤ ለምድጃው የሚሆነው ወፍራሙ ሽቦ የለም። ብሬከሮቹም ሁለት ብቻ ናቸው።

«ረስቶት ይሆናል» አልኩ።

ካሱ አንገቱን አከከ። «ጽፌ ሰጥቼው ነበር። ‹ምድጃው ይቅር› ብሎ ራሱ ሰረዘው። የነገረሽ መስሎኝ ነው።»

በኋላ ሊያስገባልኝ ይሆናል ብዬ ሳስብ የግቢው በር ተከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከፊት ጎረቤታችን ጋሽ ሽበሺ አሉ። ሁሉም እርጥብ ሳር ይዘዋል። እንድሪያስ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ይከተላል። «ግቡ» ሳልላቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ።

በእኛ በጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ከተንበረከኩ እንቢ አይባልም። ጋሽ ሽበሺ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሳቸውን እንደዚያ ሳይ ነገሩን መጠየቅ ራሱ ነውር መሰለኝ።

«ተነሱ አባቴ! ይቅር ብያለሁ! ስለ እግዚአብሔር ተነሱ!»

ተነሱ፤ መረቁኝም። ከዚያ ጋሽ ሽበሺ፣ «ተባረኪ ልጄ። ቁጣዋ ከባድ ነው ብሎን ነበር። ቤቱ ለአማቱ መሆኑ እንደሚከፋሽ እናውቃለን» አሉ።

«የትኛው ቤት?»

ሽማግሌው ወደ እንድሪያስ ዞሩ። «ነግሬያታለሁ፣ ተቆጥታ አላናግር አለችኝ ብለኸን የለም እንዴ?»

እንድሪያስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። የሚስቱ የፌቨን እናት በሚቀጥለው ሳምንት ከሐዋሳ ጠቅልለው ይመጣሉ። ሰርቪሱ ለእሳቸው ነው። መብራትና አንድ ሁለት ሶኬት ይበቃቸዋል። ይህ ከተወሰነ ሁለት ወር ሆኖታል። እኔ ሁለቱን ወር ሙሉ ደብተሬን ሳሳየው፣ «ጥሩ ነው እቴቴ» ይለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ከዚያ አባቶችን አንበረከክህብኝ?»

«እነሱን እንቢ እንደማትዪ ስለማውቅ ነው» አለ። ይህን እንኳ አልዋሸም።

ጋሽ ሽበሺ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኛንም አታሎናል። ከፈለግሽ ነገሩን እንደገና እናየዋለን።»

«አይ አባቴ። አንዴ ብያለሁ» አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን ይመልሰው ይሆናል። እኔ በሳሩ ፊት የተናገርኩትን መልሼ እናቴ ያሳደገችኝበትን ሥርዓት ከማፍረስ ቤቱ ይቅርብኝ አልኩ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ካሱ ሽቦውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ምን ላድርግ እትዬ?»

«አልጋው እዚህ ጋ ይሆናል። ማብሪያውን ዝቅ አድርግላቸው፤ አሮጊት ናቸው።»

አሁን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በአንድ ምግብ ቤት ወጥ እሠራለሁ። ከእንድሪያስ ጋር በበዓል በበዓል እንገናኛለን።