ከእግር የምትጀምረው ሴት

ከዚህ በፊት የገዛኋቸው ጠርሙሶች ነገር አይነሣ፤ አንዱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል፣ ሌላው ማስቲካ ማስቲካ፣ አንዱ ደግሞ ላዩ ላይ የጥንታዊት ህንድ ምስጢር ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ከሕፃን ሎሽን በቀር ምንም ምስጢር አልነበረበትም። ትናንት በፖስታ የደረሰውን ግን ከሥራ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ክዳኑን ስፈታው እጄ ባለበት ቀረ። ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተቀቅሎ፣ ድስቱን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ከእሳት የወረደ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ነው። ልጄ ከክፍሏ ሆና «ማሚ፣ ቤቱ ዊርድ ነው የሚሸተው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ይህንኑ ዊርድ ያለችውን እንግዳ ሽታ ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ከተደረገች ወዲህ ሮቢንስዴል ከተማ እኛ ቤት ነው ያለችው። ቁስሉ ድኗል፤ የእግሯ ቆዳ ግን በማሞቂያው ድርቀት ተሰነጣጥቆ፣ እየመጣች የምታያት ነርስ በየቀኑ በዘይት ቀስ እያላችሁ እሹላት ብላናለች። ለማለት ቀላል ነው። ቅቤ እንዳልቀባት ሁዳዴ ገብቷል፤ ሎሽን ስቀባት ይሄ ሳሙና ነው ትላለች፤ የወይራ ዘይት ባመጣላት ሰላጣ አደረግሽኝ እንዴ ብላ እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና፣ እኔ እንደ ደበቅሁባት ሁሉ፣ «የዚያች ሴትዮ ዘይት የት ሄደ?» ትለኛለች። የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። የዚያች ሴትዮ ዘይት የት እንደ ሄደ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም።

ሴትዮዋ ሱሺላ ትባላለች። እኔ ገና የፊት ጥርሴ ሲነቃነቅ፣ ሪችፊልድ ውስጥ፣ መተላለፊያው ላይ የተነጠፈው ቡናማ ምንጣፍ የሁላችንንም ወጥ ሽታ ጠጥቶ በጠገበ አፓርታማ ውስጥ በር ለበር ነበርን። ከደቡብ ህንድ የመጣች፣ ልጅ ያልነበራት፣ ባሏ በጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ ጠጉሯ ሁልጊዜ በዘይት የሚያበራ ሴት ነበረች። ከአገር ከወጣን የመጀመሪያው ብርዳችን ላይ ነው የተዋወቅነው። እናቴ ለቆዳ ከቅቤ ሌላ መድኃኒት አታውቅም፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ቅቤ በአፍም ገባ በቆዳ መግደፍ መግደፍ ነው ብላ ዕቃውን ማቀዝቀዣው ጥግ ወሸቀችውና፣ እኔ ክርኔና ጉልበቴ አመድ ለብሶ፣ ከንፈሬ እየደማ ትምህርት ቤት ስመላለስ ሱሺላ ደረጃው ላይ አየችኝ። በማግሥቱ ጠርሙስ ይዛ አንኳኳች።

እናቴ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንሥታ ካየችው በኋላ፣ ባላት ጥቂት እንግሊዝኛ ላይ እጇን እየጨመረች እንደ ቄስ መረመረቻት። ላም አለበት? የለበትም። ወተት? የለበትም። እንቁላል? ሱሺላ ሳቋን ይዛ እሱም የለበትም አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስሙ የጾም ዘይት ሆነ። ሱሺላ በአገሯ አዩርቬዳ ስለሚሉት የጥንት ሕክምና፣ ሰው በየቀኑ በዚህ ዘይት ቀስ ተብሎ ሲታሽ ሰውነቱም መንፈሱም እንደሚረጋ የተናገረችው ሁሉ በእናቴ አንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ለእሷ ዋናው ነገር ዘይቱ ጾመኛ መሆኑ ነበር።

እናቴ ብሉሚንግተን ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የአልጋ አንሶላ ስትወጥር ውላ በአውቶቡስ እስክትመለስ ድረስ ከትምህርት ቤት የምገባው ሱሺላ ዘንድ ነበር። ጠርሙሱን የፈላ ውኃ ያለበት ኩባያ ውስጥ አቁማ ታሞቀዋለች፣ ጠብ አድርጋ በእጅ አንጓዋ ትለካዋለች፣ ማሞቂያው አጠገብ አሮጌ ፎጣ ላይ ታስቀምጠኝና ከውስጥ እግሬ ትጀምራለች። አውራ ጣቷ ተረከዜን ሲዞር፣ ከዚያ በእያንዳንዷ ጣቴ መሐል ሲገባ፣ ከዚያ በባቴ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ውጭ በረዶው ይጠረጋል፣ ድስቷ ላይ ሰናፍጭ ይንጣጣል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እንቅልፍ ይወስደኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ችግሩ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ እናቴ ሥራ ስለማትገባ እሷም እጅጌዋን ትሰበስባለች። እናቴ ደግሞ ከአናት ነው የምትጀምረው፤ ቅቤ ከመሐል አናት ይጀመራል፣ ዘይትም የቅቤ ታናሽ ነው፣ ታናሽ ደግሞ የታላቁን ሕግ ይከተላል ባይ ናት። ሱሺላ ከእግር፣ እናቴ ከራስ፣ አንዷ ሌላዋን «ኖ፣ ሲስተር» እያለች፣ ከሁለት ወገን እያሹኝ መጥተው ሆዴ ላይ ሲገናኙ እኔ በሳቅ እንፈራፈር ነበር። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለውን ገና አልሰማሁም።

ነገሩን ያበላሸው የእናቴ ጨዋነት ነው። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ዘይቱ ሲያልቅ ጠርሙሱን ከምን ጋር ትመልሰው? አንድ እሑድ ከሰዓት በሙሉ ወረቀት ጠቅልላ ማንቆርቆሪያ ሠርታ፣ በጠባቡ አንገት በርበሬ በማንኪያ እየነካካች ስታወርድ፣ ስታስነጥስ፣ እንደገና ስታወርድ አመሸች። ሱሺላ በደስታ ተቀበለች፣ በርበሬውን ገለበጠች፣ ጠርሙሱን አጠበች፣ አዲስ ዘይት ሞላችበት። በጠባብ አንገት የገባ በርበሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእግርም ከራስም እያሹኝ ሳለ መላ አካላቴ እሳት ሆነና በሩጫ ሻወር ውስጥ ገባሁ።

ስወጣ ሱሺላ ጠርሙሱን እያሸተተች ነበር። ገብቷታል፤ ግን ምንም አላለችም። እናቴም ገብቷታል፤ እሷ ግን አለች። «ከእግር ስለጀመርሽ ነው፤ ሙቀቱን ሽቅብ ነዳሽው» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ በእጇ እያሳየች። ሱሺላ ያን ቀን «ኖ፣ ሲስተር» አላለችም፤ ሻርፗን አንሥታ ወጣች። ከቀናት በኋላ ሌላ አዲስ ጠርሙስ ይዛ ስታንኳኳ እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ቴንክዩ፣ አለን» አለቻት። አልነበረንም። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ የእናቴን ጀርባ እያየሁ እግሬ በካልሲዬ ውስጥ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ከትምህርት መልስ የምውለው ፕሮግራም በሚባል የልጆች ማቆያ አዳራሽ ሆነ፤ የእናቴ እጅ ደግሞ አንሶላ ሲወጥር ውሎ ለእኔ አይተርፈውም ነበር። ማንም ሰው ዳግመኛ አላሸኝም።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የባሏ ሥራ ወደ ሌላ ስቴት ተዛወረና ዕቃቸውን ጫኑ። መኪና ማቆሚያው ላይ ልሰናበታት ስሄድ ሱሺላ ቀና ብላ መስኮታችንን አየች፣ መዳፏንም መሐል አናቴ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አሸችኝ። ከአናት ጀመረች። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር፤ ያን ማየቷን አውቃለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል ወጥቷት አያውቅም። እኔ ካደግሁ በኋላ በስልክም በኢንተርኔትም ፈልጌያታለሁ፤ የአባቷን ስም ስላልያዝኩ የማገኘው ሌሎች ሱሺላዎችን ነው።

ትናንት ማታ ታዲያ ያን ዘይት በሙቅ ውኃ አሙቄ፣ በእጅ አንጓዬ ለክቼ፣ የእናቴን ሕግ አክብሬ እጄን ወደ አናቷ ብሰድ ራሷን ሸሸት አደረገች።

«ከእግር ጀምሪ» አለችኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። «እማዬ፣ አሁን ነው እንዴ የምትይኝ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ልጄ ከክፍሏ ብቅ አለች። እናቴ አልተቆጣችም፤ ነጠላዋን እያስተካከለች «ያቃጠለሽ በርበሬው ነበር» አለች፣ አዲስ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። ጠርሙሱን ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ይልቅ ተንበርክኬ የእግሯን ጣቶች በንዴት ማሸት ጀመርኩ።

«ቀስ በይ። እሷ ቀስ ትል ነበር።»

እጄ ቆመ። ሱሺላ እናቴን ስታሻት አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ቀና ብዬ አየኋት።

«በሳምንቱ መሐል ዕረፍት ሲደርሰኝ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ» አለች። «እግሬን ይዛ ዝም ትል ነበር። እኔም ዝም። እንግሊዝኛውስ የት አለንና።»

ይህን ሁሉ ዓመት የተናደድኩት በእልህ የዘጋችው በር የእኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ በማን ላይ እንደማደርገው ብቻ ጠፋኝ። ዘይቱ መዳፌ ላይ ቀዝቅዞ ስለነበር እንደገና ላሞቀው ወደ ኩሽና ሄድኩ። ስመለስ እናቴ እግሯን አልሰበሰበችም ነበር።